የአንባቢያን ጥያቄ፦ ሰማያዊውን ግዙፍ ከጣና ዳር መለካት

ጥያቄ፦ ባለፈው እትም ኤችዲ 189733 ቢ የተባለ፣ ሩቅ ኮከብ የሚዞር ሰማያዊ የጋዝ ፕላኔት አሳይታችሁን ነበር። ተማሪዎቼ «ፎቶ ነው ሥዕል?» እያሉ ይጠይቁኛል። ካሜራና 200 ሚሊ ሜትር ሌንስ አለን፤ ከባሕር ዳር ልናየው እንችላለን? (የፊዚክስ መምህር፣ ሽምብጥ)

መልስ፦ ሥዕል ነው። ሰማያዊነቱን ግን ሠዓሊው አልፈጠረውም። እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ በሆነው የሀብል ቴሌስኮፕ ልኬት ፕላኔቱ ከኮከቡ ጀርባ ሲገባ ሰማያዊው ብርሃን ቀነሰ፤ አረንጓዴው አልቀነሰም። የጎደለው ፕላኔቱ ያንጸባርቀው የነበረው ብርሃን ነው። ሙቀቱ 930 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ ነፋሱም በሰከንድ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከባሕር ዳር ተነስቶ ጎንደር ለመድረስ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል። የደመናው ጥምዝምዝ የሠዓሊው ምናብ ነው። የመስታወት ዝናቡም ግምት ነው፣ ሲወርድ ያየው የለም። ተማሪዎችዎ የደንገል ታንኳ ቢስሉበት ደስ ይለናል፤ ታንኳዋ ግን የምትንሳፈፍበት ውኃ የላትም፣ ኦክስጅን ስለሌለም ከስላ ትቀራለች እንጂ አትነድም።

ፕላኔቱን አታዩትም፤ ጥላውን ግን ትለካላችሁ። በየ2.2186 ቀኑ በኮከቡ ፊት ሲያልፍ ለ1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ያህል ከኮከቡ ብርሃን 2.4 በመቶ ይጎድላል። ዓይን ይህን አይለይም፣ ካሜራ ይለየዋል።

ጊዜው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። በጥቅምት መጀመሪያ ኮከቡ ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ በሰሜን በኩል፣ ከአናት በላይ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ይገኛል፤ 5 ሰዓት ላይም ገና 30 ዲግሪ ከፍታ አለው። ኤም 27 ከተባለው ኔቡላ (የጋዝ ደመና) በስተምሥራቅ ነው፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከጨረቃ ስፋት ያንሳል።

ካሜራውን ሰማዩን ተከትሎ በሚዞር ባለ ሞተር ማቆሚያ ላይ ስቀሉት፤ ተራ ባለ ሦስት እግር አይሆንም። በጥሬ ፋይል፣ በኤፍ 4፣ በአይኤስኦ 400፣ እያንዳንዱን ፎቶ 40 ሰከንድ አንሱ። አውቶፎከሱን አጥፉና ኮከቡን ሆን ብላችሁ በትንሹ አደብዝዙት፤ ብርሃኑ ከ10 እስከ 15 ፒክስል ካልተበተነ መሃሉ በብርሃን ይሞላና ልኬቱ ይበላሻል። የኮከቡ ብርሃን መጉደል ከመጀመሩ አንድ ሰዓት በፊት ጀምሩ፣ ካበቃ በኋላም አንድ ሰዓት ቆዩ። ሌንሱን በነጭ ጨርቅ ሸፍናችሁ 20፣ በክዳኑ ዘግታችሁ ሌላ 20 የማረሚያ ፎቶ ጨምሩ። ቁጥሩን አስትሮኢሜጅጄ በተባለው ነፃ ሶፍትዌር አውጡ፤ አረንጓዴውን ቀለም ብቻ ወስዳችሁ፣ ብርሃናቸው ከሚመሳሰል ሦስት አጎራባች ኮከቦች ጋር አነጻጽሩ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሰዓት ነው። ኤክሶፕላኔት ትራንዚት ዳታቤዝ በተባለው ድረ ገጽ የሚወጣው የማለፊያ ትንበያ በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው፤ 3 ሲደመር የኢትዮጵያ ሰዓት ይሆናል፣ በእኛ አቆጣጠር ለማንበብ ደግሞ 6 ይቀነስ። 17፡30 ከምሽቱ 2፡30 ነው። አንዱ ካመለጣችሁ ከዘጠኝ ዙር፣ ማለትም ከ20 ቀን በኋላ በ47 ደቂቃ ቀድሞ ይመጣል። የሰሜን ኮከብም ከ12 ዲግሪ በታች፣ በሐይቁ ጭጋግ ላይ ስለሚውል ማቆሚያውን ወደ እሱ አነጣጥሮ ማስተካከል ትዕግሥት ይጠይቃል። ጤዛውም ሌንሱን ያለብሰዋል፤ የ20 ሴንቲ ሜትር የካርቶን ኮፍያ አድርጉለት፣ በየግማሽ ሰዓቱም መስታወቱን ተመልከቱ። የሚቻል ከሆነ ከውኃው ዳር ራቅ በሉ።

የብርሃኑ መስመር ሲወጣ፦ የጎደለው ብርሃን የፕላኔቱ ሬዲየስ ለኮከቡ ሬዲየስ ተካፍሎ በራሱ ሲባዛ የሚገኘው ስለሆነ ስኩዌር ሩት ይወሰዳል፤ የ0.024 ስኩዌር ሩት 0.155 ነው። የኮከቡ ሬዲየስ የፀሐይ 0.78 ያህል ስለሆነ የፕላኔቱ 84,000 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ከጁፒተር በጥቂቱ ይበልጣል። ይህን ቁጥር ተማሪዎቹ ራሳቸው ያስሉት።

ጥያቄ፦ በእኛ ቋንቋ ስም የተሰጠው ፕላኔት፣ አቦልስ እንዲህ ይለካል? (ከዘጌ)

መልስ፦ አይለካም። እ.ኤ.አ. በ2019 ኤችዲ 16175 የተባለው ኮከብ ቡና፣ ፕላኔቱ ደግሞ አቦል ተብለው ተሰየሙ። አቦልም የጋዝ ግዙፍ ነው፣ ግን ኮከቡን ለመዞር ከ2 ዓመት ተኩል በላይ ይወስዳል፣ በፊቱ ሲያልፍም አልታየም። ቡናን ግን በታኅሣሥ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ በአንድሮሜዳ የኮከቦች ስብስብ ውስጥ በባይኖኩላር ፈልጉት።