ረጃጅም ቁጥሮችና ኤክሴል፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

(ፎርሙላዎችንና የሴል ስሞችን እዚህ በፊደላችን ጽፈናል፤ ኮምፒውተርዎ ላይ ሲሞክሯቸው በእንግሊዝኛ ፊደል ይተኳቸው።)

ጥያቄ፦ 16 አሃዝ ያላቸው የአባላት መለያ ቁጥሮችን ስመዘግብ ሴሉ 1.23457ኢ+15 የሚል ነገር ያሳየኛል። ፎርማቱን ወደ ነምበር ስቀይረው ቁጥሩ ሙሉ ሆኖ ይመጣል፤ የመጨረሻው አሃዝ ግን ሁልጊዜ ዜሮ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ያጋጠመዎት ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ኢ የገባበት አጻጻፍ በራሱ ጉዳት የለውም። ጀነራል የሚባለው ፎርማት ከ11 አሃዝ ያለፈን ቁጥር፣ ኮለሙን ምንም ያህል ቢያሰፉለት፣ አሳጥሮ ነው የሚያሳየው። ከባዱ የዜሮው ጉዳይ ነው። ኤክሴል አንድን ቁጥር የሚያስቀምጠው በ64 ቢት ሲሆን ለአሃዞቹ የሚውለው ትክክለኛነት 53 ቢት ነው። ይህ ቦታ ሳይዛባ ለመያዝ የሚተማመንበት 15 አሃዝ ብቻ ስለሆነ፣ ኢንተር እንደተጫኑ 16ኛውና ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ በዜሮ ይተካል። 1234567890123456 ብለው ቢጽፉ የሚቀመጠው 1234567890123450 ነው። የጠፋው አሃዝ ፋይሉ ውስጥ የትም የለም፤ ፎርማት ቢቀያይሩ፣ ፎርሙላ ቢደረድሩ አይመለስም። ከዋናው ሰነድ ላይ እያዩ እንደገና መጻፍ ግድ ነው።

ስለዚህ ሥራው መጀመር ያለበት ከመጻፍዎ በፊት ነው። ኮለሙን በሙሉ ይምረጡ፤ ኮንትሮልንና 1ን አብረው ይጫኑ፤ ነምበር በሚለው ገጽ ላይ ቴክስትን መርጠው ኦኬ ይበሉ። ከዚያ በኋላ የሚጽፉት እንደ ፊደል ስለሚቆጠር 20 አሃዝም ቢሆን፣ በዜሮም ቢጀምር፣ እንደጻፉት ይቀመጣል። ለአንድ ሁለት ሴል ብቻ ከሆነ ከቁጥሩ በፊት ነጠላ ጥቅስ (') ማስቀደም ይበቃል፤ ምልክቱ ሴሉ ላይ አይታይም። በሴሉ ጥግ ብቅ የምትለዋ አረንጓዴ ሦስት ማዕዘን ቁጥሩ በቴክስት መልክ መቀመጡን ማስታወቂያ ናት። ኢግኖር ኤረር ብለው ይለፏት። ኮንቨርት ቱ ነምበር የሚለውን ከነኩ ግን የደከሙበት ሁሉ ወደ ዜሮው ይመለሳል።

የማይደመርና የማይባዛ ቁጥር ሁሉ ቴክስት ሆኖ ቢገባ እንመርጣለን። የሞባይል ቀፎ መለያ ቁጥር (አይኤምኢአይ) 15 አሃዝ ስለሆነ ለጥቂት ያመልጣል፤ 19 ወይም 20 አሃዝ ያለው የሲም ካርድ መለያ ግን ማለቂያውን ያጣል። 0000-0000-0000-0000 የሚል ከስተም ፎርማት የሚሠሩለትም አሉ። ሰረዙ ለንባብ ይመቻል፤ 16ኛው አሃዝ ግን ያው ዜሮ ነው።

ጥያቄ፦ ከሌላ ሲስተም የወጣ የሲኤስቪ ፋይል (ዴታው በነጠላ ሰረዝ ተለያይቶ የሚጻፍበት ተራ የጽሑፍ ፋይል) ውስጥ 13 አሃዝ ያላቸው ባርኮዶች አሉ። ከ15 በታች ስለሆኑ ችግር የለም ብዬ ፋይሉን ከፍቼ አንድ ስም አረምኩና ሴቭ አደረግሁት። መልሼ ስከፍተው ባርኮዶቹ በሙሉ በዜሮ አልቀዋል።

መልስ፦ ሲኤስቪ ሴቭ ሲደረግ ፋይሉ ውስጥ የሚጻፈው በሴሉ ላይ የሚታየው ነው። ሴሉ 1.23457ኢ+12 እያሳየ ከሆነ የሚጻፈውም ይኸው ነው፤ እንደገና ሲከፈት 1234570000000 ይሆናል። ከ13 አሃዝ የተረፈው ስድስት ብቻ ነው፣ ስድስተኛውም ተጠጋግቶ። ፋይሉን ከሲስተሙ እንደገና ያስወጡት፤ ከዚያም በኖትፓድ ከፍተው አሃዞቹ ሙሉ መሆናቸውን ይዩ።

ወደ ኤክሴል ሲያመጡት ደብል ክሊክ አድርገው አይክፈቱት። ባዶ ወርክቡክ ላይ ዴታ፣ ቀጥሎ ፍሮም ቴክስት/ሲኤስቪ ይበሉና ፋይሉን ይምረጡ። በሚመጣው መስኮት ሎድን ሳይሆን ትራንስፎርም ዴታን ይጫኑ። በባርኮዱ ኮለም ራስ ላይ ያለችውን 123 የሚል ምልክት ነክተው ቴክስትን ሲመርጡ አንድ ጥያቄ ይቀርብልዎታል፤ ሪፕሌስ ከረንት ይበሉ። አድ ኒው ስቴፕ ካሉ ኮለሙ አስቀድሞ ወደ ቁጥር ስለተቀየረ ከፊት ያሉ ዜሮዎች አይመለሱም። በሊብሬኦፊስ ካልክ ሲኤስቪ ሲከፍቱ በሚመጣው መስኮት ግርጌ ኮለሙን ነክተው ዓይነቱን ቴክስት ማድረግ ነው። በጉግል ሺትስ ደግሞ በኢምፖርት መስኮቱ ላይ ቴክስትን ወደ ቁጥርና ወደ ቀን ለመቀየር የሚጠይቀውን ሳጥን ምልክቱን ያንሱ።

በቁጥር መልክ የገቡ፣ 15 አሃዝ ያላለፉና ገና ያልተበላሹ መለያዎች ካሉዎት ደግሞ በአጠገባቸው ባለ ኮለም =ቴክስት(ኤ2,"0") ብለው ይለውጧቸው፤ ውጤቱን ኮፒ አድርገው በፔስት ቫልዩስ ይለጥፉት። በዜሮ የሚጀምር 13 አሃዝ ከሆነ በጥቅሱ ውስጥ 13 ዜሮ ይጻፉ።

ጥያቄ፦ የሲም ካርድ መለያዎቹን በቴክስት መዝግቤአለሁ፤ ሁሉም ሙሉ ናቸው። ካውንትኢፍ (መስፈርት የሚያሟሉ ሴሎችን የሚቆጥረው ፎርሙላ) ግን በመጨረሻ አሃዝ የሚለያዩትን ሁለት ቁጥሮች ተደጋጋሚ ናቸው ይለኛል።

መልስ፦ ካውንትኢፍ ቁጥር የሚመስል ቴክስት ሲያገኝ ለማነጻጸር ወደ ቁጥር ይቀይረዋል፤ ያን ጊዜ ከ15ኛው በኋላ ያለው ስለሚወድቅ ሁለቱ አንድ ይሆኑበታል። ይህ ስህተት በጣም ያሳስበናል፤ ሴሎቹ ትክክል ስለሚመስሉ ሰው ትክክለኛ ረድፍ ያጠፋል። =ሰምፕሮዳክት(--(ኤ$2:ኤ$500=ኤ2)) ቢጠቀሙ ቴክስቱን ከቴክስት ጋር ስለሚያነጻጽር በትክክል ይቆጥራል። መስፈርቱን ኤ2&"*" ብሎ መጻፍም ካውንትኢፍን እንደ ቴክስት ያስነብበዋል፤ ርዝመታቸው እኩል ካልሆነ ግን አጭሩ የረጅሙ መጀመሪያ ሆኖ ሊቆጠር ስለሚችል የመጀመሪያውን ፎርሙላ እንመርጣለን።

ቪሉክአፕ (ከሠንጠረዥ ውስጥ ፈልጎ የሚያመጣው ፎርሙላ) የተፈለገውን አለማግኘቱም ብዙ ጊዜ ከዚህ የራቀ አይደለም፤ አንደኛው ወገን ቴክስት፣ ሌላው ቁጥር ሆኖ ነው። የሚፈልጉት ቁጥር ከሆነና ሠንጠረዡ ቴክስት ከሆነ፣ የሚፈለገውን ኤ2&"" ብለው ያስገቡት። 12 አሃዝም ይሁን 13፣ ቁጥሩ ከ15 ካላለፈ ይህ ይሠራል።

ጥያቄ፦ ድምሩ ##### ሆነብኝ።

መልስ፦ ኮለሙ ጠቧል፤ ቁጥሩ ደህና ነው። በኮለሙ ራስ ላይ የቀኝ ወሰኑን ደብል ክሊክ ያድርጉ። ሪፖርቱ ላይ ቦታ ከሌለ ከስተም ፎርማት ውስጥ 0.0,," ሚሊዮን" ብለው ይጻፉ፦ 1234567890 ያለበት ሴል 1234.6 ሚሊዮን ያሳያል፤ ሙሉው ቁጥር ግን ለስሌት ከጀርባው አለ።

ጥያቄ፦ በእርግጥ የሚሰላ ትልቅ ቁጥር ቢኖረኝስ? የ21 ፋክቶሪያልን (ከ1 እስከ 21 ያሉት ቁጥሮች ሁሉ ብዜት) ሙሉ አሃዝ እፈልጋለሁ።

መልስ፦ የ20 ፋክቶሪያል 2432902008176640000 ነው። 19 አሃዝ ቢሆንም ከ15ኛው በኋላ ያሉት ዜሮዎች ስለሆኑ ኤክሴል በትክክል ያወጣዋል። የ21 ግን 51090942171709440000 ሲሆን ኤክሴል የሚሰጥዎት 51090942171709400000 ነው። ቴክስት ማድረግ እዚህ አይረዳም፤ ቴክስት ቁጥሩን ያስቀምጣል እንጂ አያሰላም። ስሌቱን የሙሉ ቁጥር ርዝመት በማይገድበው በፓይተን ሠርተው ውጤቱን በቴክስት ፎርማት በተዘጋጀ ሴል ውስጥ ይለጥፉት።