አሮጌ ሞተርሆም ሰጥቶ አዲስ መውሰድ፦ ጥያቄና መልስ

አሜሪካ ውስጥ አሮጌ ሞተርሆም (ሞተር ያለው ተንቀሳቃሽ ቤት) ወይም ተጎታች ካምፐር ለዲለር አስረክበው፣ ልዩነቱን ጨምረው በአዲስ ለመለወጥ ያሰቡ ሰዎች ለላኳቸው ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች ናቸው።

ጥያቄ፦ አንዱ ዲለር ለ2012 ሞተርሆማችን 38,000 ዶላር ገመተልን፣ ሌላው 31,000 ዶላር። የምንፈልገው አዲሱ መኪና ሁለቱም ጋ አለ። ለ38,000ው እንስጥ?

መልስ፦ ገና ነው፣ አይስጡ። የአሮጌው ግምት ብቻውን ምንም አይነግርዎትም፤ ከኪስዎ የሚወጣው ልዩነቱ ነው። የመጀመሪያው አዲሱን 112,000 ብሎ ከሆነ ልዩነቱ 74,000 ነው። ሁለተኛው ያንኑ በ99,000 ከሸጠልዎ ልዩነቱ 68,000 ይሆናል። ዝቅ አድርጎ የገመተልዎ ሰው 6,000 ዶላር አተረፈዎት ማለት ነው። አዲስ ሞተርሆም ላይ የሚለጠፈው ዋጋ ሰፊ የድርድር ቦታ የተተወበት ስለሆነ፣ ዲለሩ ከዚያ ምንም ሳይቀንስ ለአሮጌው የተጋነነ ግምት መስጠት አይከብደውም። በአንድ እጁ የሰጠዎትን በሌላው ይነሳዎታል።

ስለዚህ ቅደም ተከተል ይጠብቁ። መጀመሪያ አሮጌ እንዳለዎት ሳያነሱ የአዲሱን የመጨረሻ ዋጋ በጽሑፍ ይቀበሉ። ቀጥሎ አሮጌውን ያስገምቱ። ከዚያ የማጓጓዣ፣ የዝግጅት፣ የሰነድ እየተባለ የሚጨመረውን ሁሉ አስደምረው፣ መኪናው ከግቢ እስኪወጣ የሚከፍሉትን አንድ ጠቅላላ ቁጥር ይጠይቁ። ይህን ቁጥር በወረቀት ከማይሰጥ ሻጭ ጋር አይፈራረሙ።

ጥያቄ፦ ትክክለኛውን ግምት ከየት እናውቃለን?

መልስ፦ የጄዲ ፓወር ድረ ገጽ (ቀድሞ ናዳ ጋይድ የሚባለው) የአርቪ፣ ማለትም የሞተርሆምና የካምፐር፣ ዋጋ በነጻ ያሳያል። እዚያ የሚያዩት "ዝቅተኛ ችርቻሮ" እና "አማካይ ችርቻሮ" ዲለሩ ለገዢ የሚሸጥበት እንጂ ከእርስዎ የሚገዛበት ዋጋ እንዳልሆነ ልብ ይበሉ። እሱ ጠግኖ፣ አቁሞ፣ አትርፎ መሸጥ ስላለበት ከዝቅተኛው ችርቻሮም በታች ይገባል። በሽያጭ ድረ ገጾች ላይ የሚያዩት ደግሞ ሻጩ የጠየቀው እንጂ የተሸጠበት አይደለም። ከሦስት ቦታ የጽሑፍ ግምት መያዝ ከማንኛውም ሠንጠረዥ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ዳላስ ነው የምንኖረው። ራሳችን ብንሸጠው አይሻልም?

መልስ፦ ቴክሳስ ውስጥ ከመወሰንዎ በፊት ቀረጡን ያስሉ። የመኪና ሽያጭ ቀረጥ 6.25 በመቶ ሲሆን፣ አሮጌውን ለዲለሩ ከሰጡ የሚሰላው በልዩነቱ ላይ ነው። አዲሱ 95,000፣ የአሮጌው ግምት 30,000 ቢሆን ቀረጡ በ65,000 ላይ 4,062.50 ዶላር ይመጣል። ሳይሰጡ ቢገዙ 5,937.50 ይከፍሉ ነበር። 1,875 ዶላር ዳኑ፤ ስለዚህ በግል ሲሸጡ ቢያንስ 31,875 ካላገኙ ድካሙ ትርፍ የለውም።

ቨርጂኒያና ካሊፎርኒያ ላሉ ግን ነገሩ ይለያል። ቨርጂኒያ 4.15 በመቶውን የምታስከፍለው አሮጌው ሳይቀነስ ከሙሉው ዋጋ ላይ ነው፤ ካሊፎርኒያም ለአሮጌው ቅናሽ አትሰጥም። እዚያ በግል መሸጥ የበለጠ ያዋጣል። በኮሚሽን የሚሸጥልዎ ዲለር ጋ ለማቆም ካሰቡ፣ እጅዎ የሚገባው ዝቅተኛ ገንዘብ፣ ጥገናውን ማን እንደሚከፍልና ኢንሹራንሱ በማን ስም እንደሚቆይ ውሉ ላይ ይስፈር።

ጥያቄ፦ ገማቹ መጀመሪያ የሚያየው ምንድን ነው? ምን ጠግነን እንውሰድ?

መልስ፦ ውኃ። ከሞተሩም ከማይሉም በፊት የውኃ ስርገት ይፈለጋል፤ ይህን ያህል ዋጋ የሚጥል ሌላ ጉዳት የለም። ጣሪያው ላይ በአየር ማስገቢያው፣ በአንቴናውና በጠርዙ ዙሪያ ያለው ማሸጊያ ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቃል። ውኃው በዚያ ገብቶ በግድግዳው ውስጥ ይወርዳል፤ የውጩን ፋይበርግላስ ከሥሩ ካለው ስስ እንጨት ጋር ያጣበቀው ሙጫ ይለቃል፤ ከውጭ ሲያዩት ግድግዳው እንደ ፊኛ ያብጣል። እዚህ ከደረሰ በርካሽ አይጠገንም። ገማቹ እርጥበት መለኪያ ይዞ ስለሚመጣ እድፉን በቀለም መሸፈን አይጠቅምም፤ እንዲያውም ሌላውንም ነገር እንዲጠራጠር ያደርገዋል።

ስንጥቁ ገና ከሆነ ግን ራስዎ ሊደፍኑት ይችላሉ። ጣሪያውን አጥበው ያድርቁ፤ ለተኛ ቦታ ራሱ የሚዘረጋውን የአርቪ ጣሪያ ማሸጊያ፣ ለቆመ ጠርዝ የማይፈሰውን ዓይነት ይጠቀሙ። ተራ ሲሊከን አይንኩ፤ በጎማ ጣሪያ ላይ በደንብ አይዝም፣ በኋላ የሚመጣው ትክክለኛ ማሸጊያም በላዩ አይጣበቅም። ሲሊከን የተቀባ ጣሪያ ያየ ቴክኒሻን መጀመሪያ የሚያደርገው መፋቅ ነው።

ጎማ ላይ ጥርሱን ብቻ ሳይሆን ዕድሜውንም ያያሉ። ጎማው ጎን ላይ የታተመው የዶት (DOT) ኮድ የመጨረሻ አራት አኃዞች ሳምንትና ዓመት ናቸው፤ 2317 ማለት በ2017 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ከ5 እስከ 7 ዓመት ያለፈው ጎማ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም እንደ ሞተ ይቆጠራል። ለዲለር ለሚሰጡት መኪና ግን ስድስት ጎማ አይግዙለት፤ እሱ ከእርስዎ በርካሽ ስለሚያገኘው ያወጡትን አይመልስልዎትም። በግል ለሚሸጡት ያዋጣል።

ጄኔሬተሩ ወራት ሳይነሳ ከቆመ፣ ቤንዚኑ ካርቡረተሩ ውስጥ ደርቆ ሙጫ ይሆናል። በወር አንዴ ሁለት ሰዓት ያህል ኤሲው በርቶ፣ ጭነት ተሸክሞ መሥራት አለበት። የግምቱ ቀን "ባትሪው ደክሞ ነው" ብሎ ማስረዳት ዋጋ የለውም፤ ቻርጅ አድርገው ይውሰዱት። የጥቁሩን ፍሳሽ (የመጸዳጃ ቤቱን) ታንክም ባዶ አድርገው፣ አጥበው ይሂዱ።

ጥያቄ፦ መኪናው ውስጥ ቡና እንቆላለን፣ ዕጣንም እናጨሳለን። ሽታው ዋጋ ይቀንሳል?

መልስ፦ ይቀንሳል፤ ጠባብ ቤት ስለሆነ ጭሱ መጋረጃና ስፖንጅ ውስጥ ይገባል። መጋረጃውንና የትራስ ልብሱን ይጠቡ፣ ጣሪያውንና ቁምሳጥኑን ኮምጣጤ በተቀላቀለ ለብ ያለ ውኃ ይጥረጉ፣ የኤሲውን ማጣሪያ ያጽዱ፣ ከዚያ ለሳምንት ያህል በየቀኑ ያናፍሱ። ከዋጋው በላይ የሚያሳስበው ግን ከሰሉ ነው። ካምፐር ውስጥ ከሰል አያቀጣጥሉ፣ ፍም ያለበትን ማጨሻም ይዘው አይተኙ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ እንቅልፍ ላይ ያለን ቤተሰብ ይገድላል። ቡናው ውጭ ይቆላ።

ጥያቄ፦ ባንክ ገና 42,000 ይፈልግብናል፤ ግምቱ 34,000 ነው። ዲለሩ "ቀሪውን አዲሱ ላይ እንጨምረዋለን" አለን።

መልስ፦ የተጨመረው 8,000 አይጠፋም፤ ወለድ እየወለደ ይከተልዎታል። አዲሱ በመጀመሪያው ዓመት ዋጋው በከፍተኛ ሁኔታ ስለሚወርድ ዕዳው ከመኪናው በላይ ይሆናል። አደጋ ደርሶ ሙሉ በሙሉ ቢወድም፣ ተራው ኢንሹራንስ የሚከፍለው የዕለቱን ዋጋ እንጂ ዕዳዎን አይደለም። 8,000ውን በእጅ መክፈል ካልቻሉ አሮጌውን ይዘው ቢቆዩ ይሻላል። ከለወጡ ደግሞ ባንኩ ብድሩ መዘጋቱን እስኪያረጋግጥልዎ ድረስ የወር ክፍያውን አያቋርጡ፤ ዲለር የዘገየበት ክፍያ የሚመዘገበው በእርስዎ ክሬዲት ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ወርሃዊ ክፍያው 694 ዶላር ብቻ ነው አሉን። ጥሩ አይደለም?

መልስ፦ ስንት ዓመት ነው? 80,000 ዶላር በ8.5 በመቶ ለ20 ዓመት ቢበደሩ ወርሃዊው 694 ነው፤ ወለዱ ብቻ ግን 86,600 ዶላር ገደማ ይሆናል። በ10 ዓመት ቢጨርሱት ወርሃዊው 992፣ ወለዱ 39,000 ገደማ ነው። በወር 298 ዶላር በመጨመር 47,600 ዶላር ያህል ይተርፍዎታል።

ጥያቄ፦ ካልወደድነው በ3 ቀን ውስጥ መመለስ እንችላለን አይደል?

መልስ፦ አይችሉም። የፌዴራሉ የ3 ቀን ደንብ ቤት ለቤት ለሚደረግና ለመሳሰለው ሽያጭ ነው፤ ዲለሩ ግቢ ገብተው የፈረሙትን የመኪና ግዢ አይሸፍንም። ስለዚህ የሚጣራው ከፊርማ በፊት ነው። ማቀዝቀዣው የጋዝ ዓይነት ከሆነ ከአንድ ቀን በፊት አብርተው እንዲጠብቁዎ ያድርጉ፤ ለመቀዝቀዝ ሰዓታት ይፈጃል። የውኃ ፓምፑን አብርተው ቧንቧዎቹን ሁሉ ይዝጉ፤ ማንም ሳይከፍት በየደቂቃው የሚነሳ ከሆነ የሆነ ቦታ ያፈሳል። ተንሸራታቹን ክፍል አስወጥተው ያስገቡ። በሻሲ ቁጥሩ የሪኮል ጥሪ (ፋብሪካው ለጉድለት ጥገና ያወጣው ጥሪ) ካለበት በፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በኤንኤችቲኤስኤ (NHTSA) ድረ ገጽ ላይ ያጣሩ።

የመጫን አቅሙንም ተለጣፊው ላይ ያንብቡ። 1,400 ፓውንድ ይላል እንበል። አራት ሰው 600፣ 40 ጋሎን ውኃ 332 ፓውንድ ይወስዳል፤ ለምግብ፣ ለልብስና ለብስክሌት የቀረው 468 ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የትኛው ወር ይሻላል?

መልስ፦ አሮጌ በአሜሪካ ጸደይ (ከማርች እስከ ሜይ) ይፈለጋል፤ ያለፈው ሞዴል አዲስ መኪና ደግሞ በመከር (ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር) ይረክሳል። በአንድ ቀን ሲለውጡ አንዱን ጥቅም ያጣሉ። በግል የሚሸጡ ከሆነ በጸደይ ሸጠው በመከር ይግዙ።

ጥያቄ፦ ሞተርሆሙን ስናከራየው ነበር። ግብር ይመለከተናል?

መልስ፦ አዎ። ከ2018 ጀምሮ ያለ ግብር የመለዋወጥ መብት ለማይንቀሳቀስ ንብረት ብቻ ስለሆነ፣ ለዲለሩ መስጠትዎ እንደ ሽያጭ ይቆጠራል። የእርጅና ቅናሽ እየወሰዱበት መዝገብ ላይ ዜሮ ከደረሰ፣ የተገመተው 30,000 በሙሉ ገቢ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። የሒሳብ ባለሙያዎን ከመፈረም በፊት ያናግሩ።

ጥያቄ፦ ታይትሉ (የባለቤትነት ሰነዱ) በእኔና በባለቤቴ ስም ነው፤ እሷ አገር ቤት ናት።

መልስ፦ በስሞቹ መሃል ያለውን ቃል ይዩ። "ወይም" ከሆነ በአብዛኛው የአንዳችሁ ፊርማ ይበቃል፤ "እና" ከሆነ ግን የሁለታችሁም ያስፈልጋል፣ ወይም የውክልና ሰነድ። የግዛትዎ የመኪና መሥሪያ ቤት የሚቀበለውን የውክልና ቅጽ አስቀድመው ይጠይቁና ይላኩላት፤ ወረቀቱ አዲስ አበባ ደርሶ ተፈርሞ እስኪመለስ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል።