እንቆቅልሽ ለምታዘጋጁ ልጆቼ፦ መጀመሪያ አጻጻፉን ቁረጡ

ልጆቼ፣

የግሪክ አማልክትን ስሞች በሳጥን እያቋረጡ የሚሞሉበትን እንቆቅልሽ ስታዘጋጅ ከእናንተ አንዷ «ዜውስ ነው ወይስ ዚየስ የሚጻፈው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ አጭር ናት፤ እኔን ግን የቆየ ጸጸት ቀሰቀሰችብኝ። ጸጸቱ የአንዲት ሳጥን ጉዳይ ነው።

እርሳስና ካሬ ወረቀት ይዛችሁ ተከተሉኝ። ወደ ጎን 6፣ ወደ ታች 9 ሳጥን አስምሩ። በ3ኛው ረድፍ ከ1ኛው ሳጥን ጀምራችሁ «አርጤምስ» ብላችሁ ወደ ጎን ጻፉ። ከ«አ» ተነሥታ «አፍሮዲቴ» ወደ ታች ትወርዳለች። በአርጤምስ «ስ» ላይ ደግሞ «ዜውስ» ከ1ኛው ረድፍ ወርዶ ያርፋል። አፍሮዲቴ 6ኛው ረድፍ ላይ «ዲ» አላት፤ ከዚያ «ዲሜትር» ወደ ጎን ትሄዳለች። «ሄርሜስ» ከ5ኛው ረድፍ ተነሥቶ የዲሜትርን «ር» አቋርጦ 8ኛው ረድፍ ላይ በ«ስ» ያበቃል። ያችን «ስ» «ሄስቲያ» ሁለተኛ ፊደሏ አድርጋ ትጋራለች፤ ከሄስቲያ «ሄ» ደግሞ «ሄራ» ትወርዳለች። 7 ስም፣ 6 መገናኛ፣ 21 የተሞላ ሳጥን።

ይህን ሠንጠረዥ ለአንባቢ ባቀረብኩ ጊዜ የሄርሜስ ፍንጭ «በልስጥራ ጳውሎስን የጠሩበት ስም፣ 4 ፊደል» የሚል ነበር። አንዲት አንባቢ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 14ን ገልጣ «ሄርሜን» ብላ ሞላች። አራት ፊደል ነው፣ ልክክ ብሎ ገባላት። «ስ» በምትገባበት ሳጥን «ን» ስለገባች ግን ሄስቲያ «ሄንቲያ» ሆነችባት። ተሳስተሻል አልኳት። የተሳሳተው ፍንጩ ነበር። የቀድሞው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በርናባስን «ድያ»፣ ጳውሎስን «ሄርሜን» አሏቸው ይላል፤ ግሪክኛው እዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስሞቹን በተሳቢ መልካቸው ስላስቀመጣቸው ነው። እኛ «አበበን» ስንል «ን» እንደምንጨምረው ማለት ነው። ዜውስ ሲሳብ «ዲያ»፣ ሄርሜስ ሲሳብ «ሄርሜን» ይሆናል። «የማያ ልጅ፣ የአማልክት መልእክተኛ» ብሎ መጻፍ በቂ ነበር።

ይህ ሁሉ የሚመጣው ከፊደላችን ጠባይ ነው። በ24ቱ የግሪክ ፊደላት ዜውስና ሄርሜስ በአናባቢያቸው መገናኘት ይችላሉ። በእኛ ግን «ዜ» እና «ሄ» ሁለቱም ኃምስ ቢሆኑም ሳጥን አይጋሩም፤ ተነባቢውም አናባቢውም አንድ መሆን አለበት። ስለዚህ የአንድ ፊደል ለውጥ ሠንጠረዡን ያፈርሰዋል። በእንግሊዝኛው አነጋገር «አፍሮዳይት» ብትሉ «ዲ» ትጠፋለች፤ ዲሜትር፣ ሄርሜስ፣ ሄስቲያና ሄራ አብረው ይንጠለጠላሉ። ዛሬ ብዙ ወጣት ዝርዝሩን ለስልኩ ሰጥቶ የወጣለትን እንዳለ ይቀበላል፤ አንድ ስም በእንግሊዝኛው፣ ሌላውን በግሪክኛው ቀላቅሎ። ይህ ያሳዝነኛል። የግሪክኛውን መንገድ ያዙ።

እርግጥ ጥብቅ ብንል «ዴሜቴር» ማለት ነበረብን፤ ያን ጊዜ ደግሞ መገናኛዋ «ዲ» ትጠፋለች። እዚህ ላይ ደንቤን እጥሳለሁ፤ «ዲሜትር» ለጆሯችን የቀረበ ነው። ባሕረ ሐሳብን አዘጋጀ የሚባለው የእስክንድርያው ድሜጥሮስ ስሙ ከዚህችው የእህል አምላክ የመጣ ነው፤ በሐዋርያት ሥራ ያለው የአርዮስፋጎሱ ዲዮናስዮስም ከወይን አምላኩ ከዲዮኒሶስ። «አርዮስፋጎስ» ራሱ የጦርነት አምላኩ የአሬስ ኮረብታ ማለት ነው። ለፍንጭ እንዲህ ያለ ነገር ፈልጉ።

የግሪክ ወንድ አማልክት ስም አብዛኛው በ«ስ» ያልቃል። ይህ ሲሳይ ይመስላል፤ ግን ሁለቱም ቃላት በ«ስ» ካለቁ እዚያው ማዕዘን ላይ ይቆማሉ፣ ከዚያ ወዲያ የሚቀጥል የለም። በመካከላቸው «ስ» ያላቸውን ሄስቲያንና ሄፋይስቶስን አስቀድማችሁ አስቀምጡ። «ፖሲዶን» የሚገናኝ እያጣ ያስቸግራል፤ መፍትሔው የአፖሎ «ፖ» ናት። ሄርሜስን በዲሜትር «ሜ» ላይ ለማውረድ ብትሞክሩ ደግሞ «ሄ» ከአፍሮዲቴ «ፍ» ጎን ትለጠፍና «ፍሄ» የሚል ትርጉም የለሽ ንባብ ትፈጥራለች።

ሀ፣ ሐ እና ኀ እንደ አንድ እንደሚቆጠሩ ከላይ በግልጽ ጻፉ፤ ሰና ሠ፣ አና ዐም እንዲሁ። የተሸሸጉ ቃላትን የማስፈለግ ጨዋታ ከሆነ ባዶውን ሳጥን ከ231ዱ ፊደላት በዘፈቀደ አትሙሉ፤ በ«ጬ» እና በ«ዡ» መካከል ዜውስ ከሩቅ ይታያል። ከስሞቹ ከራሳቸው ፊደላት ሙሉት። ሄራን ግን ከዚያ ጨዋታ አውጧት፤ ሁለት ፊደል ብቻ ስለሆነች ባላሰባችሁበት ቦታ ደግማ ትገኛለች።

ወደ ጠያቂዬ ልመለስ። ዜውስም ዚየስም ሦስት ፊደል ናቸው፣ ሁለቱም በ«ስ» ያልቃሉ። ከላይ ባስመርነው ሠንጠረዥ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳጥኖች የሚያቋርጥ ስም የለም፤ ስለዚህ የሚሞላው ሰው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። «ስሞቹ እንደ ግሪክኛው ተጽፈዋል» የምትለዋን መስመር ከፍንጮቹ በላይ አስቀምጪለት፣ ልጄ።