ነፃ ኢንተርኔት ከበርገር ጋር፦ ስለ ቀልድ ስምምነቶች ጥያቄና መልስ

በየዓመቱ አፕሪል ዘ ፉል፣ በፈረንጆቹ ሚያዝያ 1፣ በእኛ መጋቢት 23፣ ሲደርስ ኩባንያዎች የሚያወጧቸው የቀልድ መግለጫዎች ብዙ ሰው ያደናግራሉ። ከደረሱኝ ጥያቄዎች ያሰባሰብኳቸው እነሆ፤ ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችና ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጥያቄ፦ አንድ የፈጣን ምግብ ድርጅት ከኢንተርኔት ኩባንያ ጋር ተጣምሮ ለተመጋቢ ነፃ ኢንተርኔት ያቀርባል የሚል መግለጫ ባነብ፣ ቀልድ ነው ብዬ ልለፈው?

መልስ፦ አይለፉት። ሐሳቡ ራሱ እውነተኛ ታሪክ አለው። ማክዶናልድስ እ.ኤ.አ. በ2003 በኒውዮርክ ማንሃተን ባሉ ጥቂት ቅርንጫፎቹ ዋይፋይ ሲሞክር፣ ሙሉ ምግብ ለገዛ ሰው የአንድ ሰዓት ኢንተርኔት ይሰጥ ነበር። አብሮት የሠራው ኮሜታ ኔትዎርክስ የሚባል፣ ኢንቴል፣ አይቢኤምና ኤቲ ኤንድ ቲ የተባሉት ትልልቅ የቴክኖሎጂ ድርጅቶች የደገፉት ኩባንያ ነበር፤ 20,000 የዋይፋይ ቦታዎች እዘረጋለሁ ብሎ ተነሥቶ በ2004 ተዘጋ። ማክዶናልድስ ግን አልተወውም። ከሌላ ኩባንያ ጋር ቀጠለ፣ ለሁለት ሰዓት 2.95 ዶላር ማስከፈልም ጀመረ፤ በጥር 2010 በአሜሪካ ባሉት 11,500 ያህል ምግብ ቤቶቹ አገልግሎቱን ነፃ አደረገው። በዚያ ዘመን የቤት ኢንተርኔት የሌላቸው ተማሪዎች የቤት ሥራቸውን እዚያ ተቀምጠው ይሠሩ እንደነበር ሳስብ፣ ይህን እንደ ትንሽ ነገር ማየት አልችልም።

ጥያቄ፦ ታዲያ የምግብ ቤቶቹ ቀልድ የትኛው ነው?

መልስ፦ በጣም የሚታወቀው የአሜሪካው ፈጣን ምግብ ድርጅት የታኮ ቤል ነው። ሚያዝያ 1 ቀን 1996 እ.ኤ.አ. በታላላቅ የአሜሪካ ጋዜጦች ሙሉ ገጽ ገዝቶ፣ በፊላደልፊያ ያለውን፣ የአሜሪካ ነፃነት ምልክት የሆነውን የነፃነት ደወል ገዛሁት፣ የአገሪቱን ዕዳ ለማቃለል ነው ሲል አወጀ። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ተቆጥተው ስልክ ደወሉ። ድርጅቱ ግን በዚያው ቀን እውነቱን ተናገረ፣ ለደወሉ እንክብካቤም 50,000 ዶላር ሰጠ። የዋይት ሐውስ ቃል አቀባይም የፕሬዚዳንት ሊንከን መታሰቢያ ለመኪና አምራቹ ፎርድ ተሽጧል ብሎ አብሮ ቀለደ፤ ሊንከን የፎርድ መኪና ስምም ነውና። በ1998 በርገር ኪንግ ደግሞ ለግራኞች የተሠራ፣ ቅመማ ቅመሙ 180 ዲግሪ የዞረ በርገር አስተዋወቀ፤ ሰዎች ቅርንጫፎቹ ድረስ ሄደው ጠየቁት።

ጥያቄ፦ በኢንተርኔቱ በኩልስ?

መልስ፦ ጎግል በ2007 በሽንት ቤት ቧንቧ በኩል የቤት ኢንተርኔት አቀርባለሁ ብሎ ነበር። እኔን የሚያስገርመኝ ግን ተቃራኒው ነው፦ ያው ጎግል ሚያዝያ 1 ቀን 2004 ጂሜይልን ከአንድ ጊጋባይት ማከማቻ ጋር ሲያስተዋውቅ ብዙዎች ቀልድ መሰላቸው፤ እውነት ነበር። ስለዚህ «ለማመን ይከብዳል» የሚለው መለኪያ አያዋጣም።

ጥያቄ፦ እንግዲያስ በምን እንለይ?

መልስ፦ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን ይጠይቁ። እውነተኛው አሠራር ቀላል ነው፦ ምግብ ቤቱ መስመር ይከራያል፣ ራውተር ይተክላል፣ ያንን አንድ መስመር ሁሉም ተመጋቢ ይካፈለዋል፤ ወጪውን የሚመልሰው ደግሞ ሰው ገበያ በሚቀዘቅዝበት ሰዓት መጥቶ ሲቀመጥና ሲያዝዝ ነው። የቀልዱ መግለጫ ይህን ሁሉ ይዘለውና ወደ ተአምሩ ይሮጣል። ቀኑንም ይመልከቱ፤ ተጣምሯል የተባለው ሌላው ኩባንያ በራሱ ገጽ ማረጋገጡንም እንዲሁ።

ጥያቄ፦ በቴሌግራም «በምግብ ቤቱ ስም 10 ጊጋባይት ስጦታ፣ ለአሥር ሰው ላክ» የሚል ማስፈንጠሪያ ደርሶኛል።

መልስ፦ ይህ ቀልድ ሳይሆን ማጭበርበር ነው። አይክፈቱት፣ ስልክ ቁጥርዎን አይሙሉ፣ ለማንም አያስተላልፉ።

ጥያቄ፦ እኔ የማስታወቂያ ባለሙያ ነኝ። በአገራችን ለአንድ ምግብ ቤት ነፃ የኢንተርኔት ቀልድ ብሠራ ምን ይላሉ?

መልስ፦ እባክዎ ሌላ ርዕስ ይምረጡ። ለግራኝ የሚሆን በርገር ሳያገኝ የሚቀር ሰው የሚጎድልበት ነገር የለም። ኢንተርኔት ግን ለፈተና ምዝገባና ለሥራ ማመልከቻ ብሎ ከቀለቡ ቀንሶ የሚገዛው ሰው ብዙ ነው፤ እርሱ የታክሲ ከፍሎ ከበርዎ ቢደርስ ምን ይሉታል?

ጥያቄ፦ የኢንተርኔት መረጃ በእርግብ ተልኳል የሚባለውስ?

መልስ፦ እውነት ነው። ሐሳቡ ሚያዝያ 1 ቀን 1990 በቀልድ ከወጣ የቴክኒክ ሰነድ የመጣ ነው፤ በ2001 በኖርዌይ በርገን ከተማ ሊኑክስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት አፍቃሪዎች ሞከሩት። ከተላኩት 9 ፓኬቶች (ትንንሽ የመረጃ ጥቅሎች) ለ4ቱ ምላሽ መጣ፤ ፈጣኑ 53 ደቂቃ ያህል ፈጅቷል።