ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ማስያው 7 ዓመት ጨመረብኝ»

ጥያቄ፦ የ46 ዓመት ሴት ነኝ። የደም ምርመራ ውጤቴን ኢንተርኔት ላይ ባለ «የሰውነት ዕድሜ» ማስያ ሳስገባ 53 አለኝ። አርዲደብሊው 15.8፣ ሲአርፒ 6 ነው፤ ሌላው ደህና ነው ተብያለሁ። የወር አበባዬ በጣም ይፈሰኛል። ናሙና የሰጠሁት ጉንፋን ይዞኝ ሳለ ነበር። ያለ ዕድሜዬ እያረጀሁ ነው?

መልስ፦ ከላኩልኝ ቁጥሮች መጀመሪያ የምጠረጥረው የአይረን እጥረትን ነው።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች የሚጠይቀው የታወቀው ቀመር በ2018 የወጣው ፌኖኤጅ ነው፤ ዘጠኝ የደም ውጤቶችንና የልደት ዕድሜን ይደምራል። አርዲደብሊው የቀይ ደም ሴሎች መጠን ምን ያህል እንደሚበላለጥ ያሳያል። በቀመሩ 1 ነጥብ ሲጨምር ውጤቱ 3 ዓመት ተኩል ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ጤናማ ከሆነው 13.5 ወደ 15.8 መውጣቱ ብቻ ወደ 8 ዓመት ያመጣል። አይረን ሲያንስ ደግሞ መጀመሪያ ከሚዛቡት ቁጥሮች አንዱ ይኸው ነው።

ሲአርፒ በሰውነት ውስጥ ብግነት (ኢንፍላሜሽን) መኖሩን የሚያሳይ ቁጥር ነው፤ ጉንፋን ከፍ ያደርገዋል። መለኪያውንም ይመልከቱ፦ ብዙ ላብራቶሪዎች በሚሊግራም በሊትር ይጽፉታል፣ ዋናው ቀመር ግን በሚሊግራም በዴሲሊትር (የሊትር አንድ አሥረኛ) ነው የሚፈልገው። 0.6 መግባት ሲገባው 6 ካስገቡ ከ2 ዓመት በላይ በከንቱ ይጨመርብዎታል።

ጉንፋኑ ካለፈ ሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ሄሞግሎቢንና ፌሪቲን (የአይረን ክምችትን የሚያሳይ ምርመራ) ይመርመሩ። ፌሪቲን በሕመም ጊዜ ስለሚጨምር እጥረቱን ሊደብቅ ይችላል። የደም መፍሰሱን ግን የማህፀን ሐኪም ይይልዎት፤ በዚህ ዕድሜ እንደዋዛ የሚታለፍ አይደለም። አይረን ከታዘዘልዎ ከቡናና ከሻይ ቢያንስ አንድ ሰዓት አርቀው ይውሰዱ፣ መምጠጡን ይቀንሱታልና። ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ያህል ስለሚኖር ማስያውን 4 ወር ሳይሞላ መድገም ትርፉ ጭንቀት ነው። «ዕድሜ ይቀንሳል» የሚባል ክኒን አይግዙ።

ጤናማ ዕድሜዎ ካሳሰበዎ እነዚህን ይከታተሉ። የደም ግፊትዎን 5 ደቂቃ ተቀምጠው፣ ጀርባዎን አስደግፈው፣ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለቴ ይለኩ፤ ቤት ውስጥ 135/85 እና ከዚያ በላይ ከደጋገመ ሐኪም ያማክሩ። እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው ከወንበር አምስት ጊዜ ይነሱና ይቀመጡ፤ ከ15 ሰከንድ በላይ ከፈጀብዎ የእግርዎ ጡንቻ ደክሞ ሊሆን ይችላል። የሦስት ወር የስኳር ምርመራውን (ኤችቢኤዋንሲ) የአይረን እጥረቱ ከታከመ በኋላ ያሠሩት፤ እጥረቱ እያለ ስኳር የሌለብዎትን ያለብዎት ሊያስመስል ይችላል።