ትልቁ አማርኛ ይሰማል፣ የሚመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው

ጥያቄ፦ የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። የ8 ዓመት ወንድና የ5 ዓመት ሴት ልጅ አሉን። ባለቤቴ የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ በመጪው ክረምት ጠቅልለን እንገባለን። እሱ ሥራውም እዚያው ስለሆነ ልጆቹ እናቱ ሰፈር ያለው የግል ትምህርት ቤት ይግቡ ይላል። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ቤት ተከራይቼ ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት ላስገባቸው፣ እሱ ቅዳሜ ቅዳሜ ይምጣ እላለሁ። ትልቁ አማርኛ ይሰማል፣ የሚመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ሳንጨቃጨቅ ያደርንበት ቀን የለም። ሰሞኑን ልጁ «እኔ ግን የት ነው የምኖረው?» ብሎ አለቀሰ። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ልጅዎ የጠየቀው የት እንደሚማር አይደለም፤ የት እንደሚኖር ነው። እናንተ በትምህርት ቤት ስትከራከሩ እሱ የሰማው «አባቴ አንድ ቦታ፣ እኛ ሌላ ቦታ» የሚለውን ነው። ስለዚህ ቤተሰቡን ለሁለት የሚከፍለውን ሐሳብ አልደግፍም። አገር፣ ጓደኛና ቋንቋ በአንድ ክረምት የሚለዋወጥበት ልጅ ማታ ማታ አባቱ እቤት መገኘቱ እንኳ መለወጥ የለበትም። ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ የሚራራቁት 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ በደህናው ጊዜ ይህ ምንም አይደለም። በክልሉ ግጭት ከተነሣበት ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ግን በዚህ መንገድ ላይ ቀጠሮ መያዝ ቀላል አይደለም። «ቅዳሜ አባባ ይመጣል» ተብሎ የማይመጣባቸው ቅዳሜዎች ልጅን ከደካማ ትምህርት ቤት ይልቅ ይጎዱታል። የጸጥታው ሥጋት ካየለባችሁ አዲስ አበባ ግቡ፤ ግን አራታችሁም።

ከዚያ በፊት አንድ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ እርስ በርስ የምትጠያየቁት ነገር አለ፤ ሁለታችሁም «ጠቅልለን» ስትሉ አንድ ነገር ማለታችሁ ነው? ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ተመልሶ ለሚሄድ ቤተሰብ ጥሩ ምርጫ ነው፤ ልጁ ካቆመበት ይቀጥላል። ለሚቀር ልጅ ግን አማርኛን የዘበኛና የሠራተኛ ቋንቋ አድርጎ ሊያስቀርበት ይችላል። በልብዎ የመመለሻ በር ክፍት እያደረጉ ከሆነ ይህን ለባለቤትዎ በግልጽ ይንገሩ። ያለዚያ ክርክሩ የትምህርት ቤት መስሎ ይቀጥላል፣ የትኛውም ትምህርት ቤትም አያበርደውም። ልጁን ደግሞ «አንተስ የቱን ትመርጣለህ?» ብላችሁ ዳኛ አታድርጉት።

የትንሿ ነገር ቀላል ነው። ኬጂ ትገባለች፣ በጨዋታ አማርኛውን ትይዛለች። እሷ ላይ የሚያሠጋው እንግሊዝኛዋ መጥፋቱ ነው፤ በዚህ ዕድሜ በወራት ውስጥ ይሸሻል። ማታ ማታ ሃያ ደቂቃ በእንግሊዝኛ ማንበብ ይበቃታል። ኬጂው ለ5 ዓመት ልጅ በየቀኑ ሦስት ገጽ የቤት ሥራ የሚሰጥ ከሆነ ግን ሌላ ፈልጉ።

ትልቁ ስንተኛ ክፍል ይግባ? ቨርጂኒያ ሁለተኛን ጨርሶ ከመጣ አያቱ «ሦስተኛ ነው እንጂ!» ማለታቸው አይቀርም። በአገራችን የአንደኛ ክፍል መግቢያ ዕድሜ 7 ነው፤ ስለዚህ የ8 ዓመት ልጅ ሁለተኛ ቢገባ ከዕድሜ እኩዮቹ ጋር ተቀመጠ እንጂ ክፍል ደገመ አይባልም። በ6 ዓመት የሚያስገቡ የግል ትምህርት ቤቶች ስላሉ የክፍሉን ልጆች ዕድሜ ጠይቁ። እኔ ሁለተኛን እመርጣለሁ፤ ምክንያቴም ቋንቋው ነው። በአማራ ክልል የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአብዛኛው የሚሰጠው በአማርኛ ነው፣ ሒሳቡም ጭምር። «አልማዝ 15 ብርቱካን ነበራት፤ 6 ሸጠች፤ ስንት ቀራት?» የሚለውን ልጅዎ መቀነሱን ያውቀዋል። «ሸጠች»ን ስላላነበበ ግን ዜሮ ያገኛል፣ ካርዱም ላይ ከመጨረሻ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ይወጣል። ቨርጂኒያ ማንም ደረጃ አውጥቶለት አያውቅም። የመጀመሪያው ሴሚስተር ደረጃው ቤት ውስጥ እንዳይነሣ ለአያቱም ለአጎቶቹም ከወዲሁ ንገሩ።

የጨዋታ አማርኛ በአንድ ሁለት ዓመት ይመጣል። መጽሐፉን በእኩያው ልክ የሚያነብበት አማርኛ ግን አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። ሰፈር ውስጥ ኳስ ሲጫወት አፉ ሲፈታ አይታችሁ «ለመደ» ብላችሁ አስጠኚውን አታሰናብቱ። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ፊደሉን እዚያው ሳላችሁ ጀምሩ። ሆሄው 33 ነው፤ በሳምንት ሦስት ቢይዝ በ11 ሳምንት ያልቃል። መጀመሪያ የግዕዙን ረድፍ ብቻ ያንብብ፣ ከ«ሀ» እስከ «ሆ» አግድም አታስሩጡት። ቀጥሎ ካዕቡን አሳዩት፤ ለ–ሉ፣ በ–ቡ፣ ሰ–ሱ፤ ቀኝ ጎኑ ላይ አንዲት ጭረት ትቀጠላለች። ሣልሱ ላይ ጭረቷ ወደ እግሩ ትወርዳለች፤ ሊ፣ ቢ፣ ሲ። እንግሊዝኛ የሚያነብ ልጅ ደንቡን ቶሎ ይይዘዋል፤ የሚያሰናክሉት ሩ፣ ሪ፣ ፉና ፊን የመሳሰሉት ከደንቡ የሚወጡትና ሳድሱ ናቸው። «ተራ» እና «ጠራ»ን በጆሮው መለየት ካቃተው ጽሕፈቱ ላይም ይደባልቃቸዋል፤ መጀመሪያ በቃል አለማምዱት። ክረምቱን የሰፈር የኔታ ዘንድ ማዋል ለትንሿ ጨዋታ ነው፣ በኅብረት መጮኹን ትወደዋለች። ትልቁ ግን ከአራት ዓመት ሕፃናት መሀል ተቀምጦ «ሀ» ሲል ያፍራል። እሱን የጎረቤት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ቤት ውስጥ ታስጠናው።

ትምህርት ቤቱን በስልክ አትምረጡ፣ በሕንፃውም አትማረኩ። አንድ ክፍለ ጊዜ ሁለተኛ ክፍል መጨረሻ ወንበር ላይ ለመቀመጥ ጠይቁ። በክረምት ክፍሎቹ ዝግ ስለሆኑ ባለቤትዎ ከሰኔ በፊት ቀድመው ቢሄዱ፣ ካልሆነም አንድ ዘመድ ቢላክ ይሻላል። መታየት ያለበት መልስ የተሳሳተው ልጅ ምን እንደሚገጥመው ነው፤ መምህሯ ትጠብቀዋለች ወይስ ክፍሉ ይስቅበታል? ከዚያ የአንዱን ልጅ ደብተር ግለጡ። ስሕተቱ ላይ እርማት አለ ወይስ በየገጹ ራይት ብቻ ነው? «ባለፈው ዓመት ስንት ሳምንት ትምህርት ተቋረጠ? ያመለጠውን እንዴት አካካሳችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ርእሰ መምህሩንም «ልጅ ሲያጠፋ ምን ታደርጋላችሁ?» በሏቸው። «ትንሽ ቆንጠጥ» ወይም «እናንበረክካለን» ካሉ ውጡ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ይደነግጋል፤ ይህን ማንሣት የዲያስፖራ ቅብጠት አይደለም።

ሽንት ቤቱን ሳታዩ እንዳትመለሱ። ቁጢጥ ብሎ መጠቀም የማያውቅ ልጅ ቀኑን ሙሉ ይዞ ይውላል፤ ማታ ሆዱን ያመዋል፣ ይደርቅበታል፣ ሱሪውንም ሊያረጥብ ይችላል። ወላጅ «ትምህርት ቤቱን ጠልቶ ነው» ሲል ይከርማል፣ ችግሩ ግን እግሩን የት እንደሚያደርግ አለማወቁ ነው። አያቱ ቤት ሐምሌ ላይ ይለማመድ።

ሐምሌ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራስ ምታት፣ ድካምና የተቆራረጠ እንቅልፍ ያጋጥማል። ይህ ከአየሩ ይሁን ከኀዘን ለመለየት ልጆቹ ከመስከረም በፊት ስድስት ሳምንት ያህል ያስፈልጋቸዋል። ሰዓቱንም አስተምሯቸው፤ «ትምህርት ሁለት ሰዓት ይጀምራል» ሲባል ልጁ ከሰዓት በኋላ ይመስለዋል።

የወረቀቱ ሥራ አሰልቺ ነው፣ ግን ከመነሣታችሁ በፊት ይለቅ፤ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ማኅተም ያለበት ትራንስክሪፕት፣ የክትባት ካርድ። የትውልድ ቀኑን ራሳችሁ ወደ እኛ አቆጣጠር መልሱት። በእነሱ ማርች 20 ቀን 2017 የተወለደ ልጅ በእኛ መጋቢት 11 ቀን 2009 ነው። መዝጋቢው 2017ን እንዳለ ከገለበጠው ልጅዎ ገና ሕፃን ነው።

መስከረም ላይ ትልቁ ክፍል ውስጥ ዝም ሊል ይችላል፣ ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት። ቤት ውስጥ የሚያወራና በዕረፍት የሚጫወት ከሆነ ጆሮው እየሠራ ነው፤ አታስጨንቁት። «ፈረንጁ» ብለው ሊጠሩት ይችላሉ። መምህሯ እንግሊዝኛ እያስነበበች ለትርኢት እንዳታቆመው፣ ይልቁንም ጨዋ ከሆነ አንድ ልጅ ጎን እንድታስቀምጠው ለምኗት። የሚያሳስበው ቤትም ውስጥ ዝም ካለ፣ ምግብ ከቀነሰ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ጠዋት ጠዋት አልሄድም ካለ ወይም «እኔ ደደብ ነኝ» ማለት ካበዛ ነው። ያን ጊዜ ባለሙያ ይየው።

ከባለቤትዎ ጋር የምትስማሙበትን በወረቀት አስፍሩት። የመጀመሪያው ሴሚስተር እስኪያልቅ፣ ማለትም እስከ ጥር፣ የትምህርት ቤት ክርክር አይነሣም። ጥር ላይ ሦስት ነገር ታያላችሁ፤ የአንድ ጓደኛ ስም ይጠራል ወይ፣ እንቅልፉ ተስተካክሏል ወይ፣ ከማያውቀው መጽሐፍ አንድ አንቀጽ በአማርኛ ያነብባል ወይ። ሁለቱ ከጎደሉ ትምህርት ቤቱ ይቀየር፣ የሚመርጡትም እርስዎ ይሁኑ። ለልጁ ጥያቄ ግን ጥር መጠበቅ አያስፈልግም፤ ዛሬ ማታ ሁለታችሁም አጠገቡ ተቀምጣችሁ «አራታችንም አንድ ቤት ነው የምንኖረው» በሉት።