ግፊቱ ወረደ፤ ልቡስ?

ሰሞኑን አንዲት የፋርማኮሎጂ ተማሪ «ሁለት መድኃኒቶች የአይጦቹን የደም ግፊት እኩል ካወረዱ ከዚያ በላይ ምን ይነጻጸራል?» ብላ ጻፈችልኝ። ጥያቄዋ የቆየ ቁጭቴን ቀሰቀሰው። ለእሷ ብቻ ከምመልስ ለሁላችሁም ልጻፍ ብዬ ነው።

በወጣትነቴ ውጭ አገር አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ረዳት ነበርኩ። ሥራዬ የአይጦችን ግፊት መለካት ነው። የአይጥ ግፊት የሚለካው በጅራቷ ነው። መጀመሪያ ሰውነቷ ይሞቃል፤ ያኔ የጅራቷ ደም ሥር ይሰፋና ምቱ ይገኛል። ከዚያ ትንሽ ማሰሪያ ጅራቷ ላይ ታጠልቁና አየር ትሞሉበታላችሁ። የተደናገጠች አይጥ ቁጥሯ አይታመንም፤ ስለዚህ ቀድማ እጃችሁን መልመድ አለባት። ጠዋት ቀድሜ እየገባሁ አለማምዳቸው ነበር። የመኖው ሽታ ልብሴ ላይ ይቀራል። ዛሬም በወፍጮ ቤት በር ሳልፍ ያ ክፍል ትዝ ይለኛል።

ጥናቱ አለቀ፣ የግፊቱ ሰንጠረዥ ሞላ። «ልባቸውን እንመዝን?» ብዬ ጠየቅሁ። ኃላፊው «ፕሮፖዛሉ ላይ የለም» አለኝ። በዚያው ቀን ሁሉም ወደ ማቃጠያ ተላኩ። ሚዛኑ እኮ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር! የአዋቂ አይጥ ልብ አንድ ግራም ገደማ ነው፤ መመዘን ጊዜ አይፈጅም። ያን ያህል የለፋንባቸው እንስሳት የሚነግሩንን ሳንሰማ መቅረታችን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ምክንያት አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1963 ኦካሞቶና አኦኪ የተባሉ ጃፓናውያን ኪዮቶ ውስጥ ግፊት በዘር የሚወርሱ አይጦችን አራብተው ለዓለም አስተዋወቁ። በ1974 ደግሞ የአሜሪካዋ ክሊቭላንድ ተመራማሪዎች በእነዚሁ አይጦች ላይ መድኃኒቶችን አነጻጸሩ። ሜቲልዶፓ የተባለው የግፊት መድኃኒት ግፊቱ ያወፈረውን ልብ ቀነሰው። ሌላው መድኃኒት ሃይድራላዚን ግፊቱን አወረደ፣ ልቡ ግን እንደወፈረ ቀረ። በኋላ ሚኖክሲዲል ሲሞከር የባሰ መጣ፤ ግፊቱ ወርዶ ልቡ ጭራሽ ከበደ። አዎ፣ ዛሬ ጢም ለማብቀል የምትቀቡት ሚኖክሲዲል ነው። ያኔ በአፍ የሚወሰድ የግፊት መድኃኒት ነበር።

እንደ ሃይድራላዚንና ሚኖክሲዲል ደም ሥርን በቀጥታ የሚያሰፋ መድኃኒት ሲገባ ሰውነት ዝም ብሎ አያይም። ነርቮቹ ይነቃሉ፣ ልብ ይፈጥናል፣ ኩላሊት ሬኒን የተባለ ኢንዛይም ይለቃል፣ ጨውና ውኃ ይጠራቀማል። ከሬኒን ተነስቶ የሚመጣው አንጂዮቴንሲን የተባለ ሆርሞን ደግሞ የልብን ጡንቻ ራሱን ያወፍራል። ሜቲልዶፓ ያንን የነርቭ መነቃቃት ከአንጎል ጀምሮ ያበርደዋል። ካፕቶፕሪልና ኢናላፕሪል የተባሉት የግፊት መድኃኒቶች አንጂዮቴንሲን እንዳይመረት ያግዳሉ፤ የአይጦቹንም ልብ ይቀንሳሉ።

የዛሬ ተማሪዎች የጥናቱን ማጠቃለያ ብቻ አንብባችሁ ታልፋላችሁ፤ ሰንጠረዡን አትከፍቱም። ያናድደኛል። ግን እናንተ ኃላፊን ደግማችሁ ትጠይቃላችሁ። በእኛ ጊዜ አንዴ «የለም» ከተባለ አለቀ።

አይጥ ሰው አይደለም፣ ይህን አውቃለሁ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው ላይፍ የተባለው ጥናት ልባቸው የወፈረ ከ9 ሺህ በላይ ታካሚዎችን ይዞ ሎሳርታንና አቴኖሎል የተባሉ ሁለት የግፊት መድኃኒቶችን አነጻጸረ። ግፊቱ ተቀራራቢ ነበር። ሎሳርታን የልቡን መወፈር የበለጠ ቀነሰ፣ ስትሮክም አነሰ።

ቁጥሩን ብቻ አትመኑ ስል ቆይቻለሁ። ታካሚ ፊት ስትቆሙ ግን መጀመሪያ ግፊቱ ይውረድ! ሃይድራላዚን ከባድ ግፊት የያዛትን ነፍሰ ጡር ያተርፋል፤ የአይጥ ልብ አልቀነሰም ተብሎ አይናቅም።

ፕሮፖዛል ለምትጽፉ፦ የልብ ክብደት ከመጀመሪያው ይግባ። የግራው የታችኛው ክፍል ለብቻው ይመዘን። ግፊት የሌለባቸው አይጦችም ለማነጻጸሪያ ይኑሩ። ደግሞ ለሰውነት ክብደት ብቻ አታካፍሉት። መድኃኒቱ አይጧን ካከሳት ልቧ ሳይወፍር የወፈረ ይመስላችኋል። የቅልጥሟን ርዝመትም ለኩ፤ አዋቂ አይጥ ብትከሳም አጥንቷ አያጥርም።